ሐረጎ ላይ የወለቀው ጎማ

ጎሚስታውን አያ ነበር የምለው። እኛ ቤት አያ የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ቦታው ባዶ ነበርና ለእሱ ሰጠሁት። አንቱ እለውም ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ ብሎኛል፤ እንደ ብልግና የሚያየው ካለም ይየው።

የሚሠራው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጫፍ ላይ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቦታ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ የፒካፑን ጎማ የሚያስጠግነው እዚያ ነበር። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ሥራውን ዘግቶ ለቅሶ ቤት ሲያስተናግድ ዋለ። በኋላ እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁና በየቀኑ ሚኒባስ መጋፋቱ ሰለቸኝ። አሮጌ መኪና ልግዛ ስል ዘመድ ሁሉ ሳቀ። «ሐረጎን ሴት ልጅ ትወርደዋለች?» አሉ። «ምን ሆና ነው የማትወርደው! ጎማዋን ለእኔ ተዉት» ብሎ አፋቸውን ያስያዘልኝ እሱ ነው። ያን ቀን ያለውን ቃል ዓመታት ሙሉ ተመርኩዤው ኖሬያለሁ።

ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች ናት፤ በመካከላቸው ያለው ቁልቁለት ሐረጎ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጉም ሲወርድ እፈራለሁ። ከኋላዬ ከባድ መኪና ሲመጣ እፈራለሁ። ፍሬኔ ትንሽ ድምፅ ካሰማ ሌሊቱን አልተኛም። ጎማ ግን አንድም ቀን አስግቶኝ አያውቅም፤ የአያ ሥራ ነዋ።

የፊት ሁለቱ ጎማዎች አልቀው ስለነበር አዳዲስ ይዤ ሄድኩ። ሰኞ ነበር፤ በገበያው ምክንያት እግር መርገጫ የለም። እሱ እንደ ልማዱ እየቀለደ መኪናዬን በክሪክ አነሳት። በመጀመሪያ የግራውን ገጠመ፤ መኪናዋን አወረደና ረጅሙ ቁልፍ ላይ በእግሩ ቆሞ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞሮ በክሪክ አነሳው። አዲሱን ጎማ ቦታው ላይ ሰክቶ፣ አራቱን ብሎኖች በጣቱ ብቻ እያዞረ እንዳስገባ፣ ከላይ በኩል ጀናዛ መጣ።

እዚያ ሰፈር ጀናዛ ሲያልፍ ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም። ነጋዴው ሚዛኑን ይተዋል፣ ባለ ባጃጁ ሞተሩን ያጠፋል። ወንዶቹ ሟቹ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ቃሬዛው ሥር ትከሻቸውን ያስገባሉ፤ ጥቂት እርምጃም ብትሆን አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ አላት ይባላል። አያ ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎ፣ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ሮጠ። የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ ከአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ሲቀበል አየሁት። ሽማግሌውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ጨርቅ ሻጭ ናቸው። የሚሸኙት ታናሽ ወንድማቸውን ነበር። እኔ ከመኪናዬ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው» አልኩ በሆዴ፤ ኮራሁበት።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ሟቹ ደግነት እያወራኝ ክሪኩን አወረደ፤ የጎማውን ክዳን በመዳፉ መታ አድርጎ ገጠመና «በይ እታለም፣ በሰላም ግቢ» አለኝ። ረጅሙ ቁልፍ አሁንም የጣለበት ቦታ፣ አፈሩ ላይ ተጋድሟል። አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን «አያ፣ የቀኙን አጠበቁት?» እንዴት ይባላል? ምግብ ያቀረበልሽን ሰው እጅህን ታጥበህ ነበር ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ለይሉኝታ ብዬ ሞት ልጭን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ አብራኝ ወጣች። ኮምቦልቻ የምትኖር እህቷ ታማ ነበርና ልትጠይቃት ነው። ከጎኔ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። ሐረጎን መውረድ እንደጀመርን የሚንኳኳ ነገር ሰማን።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«መንገዱ ነው እማ። ጎማው አዲስ ነው፣ ትናንት አያ የገጠመው» አልኳት።

ስሙን ስጠራ እሷም አመነች፤ ሙስበሃዋን መቁጠር ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ከዚያ መኪናዋ በቀኝ በኩል ዘጭ ብላ መሬት ያዘች፤ አንድ ጎማ ቀድሞን ቁልቁል ሲንከባለል አየሁ። የራሴ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተችኝ። በቀኝ በኩል የነበረው ተራራው ስለሆነ ቦዩ ውስጥ ገብተን አፈር ላይ ተደግፈን ቆምን። ገና ካለፍናት መታጠፊያ በፊት ቢሆን ኖሮ በቀኝ በኩል ያለው ገደሉ ነበር። እናቴ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ትላለች፤ መላልሳ ትላለች። እጇን ፊት ለፊት ስትደገፍ አንጓዋ ተሰብሮ ነበር፤ እስካሁን ብርድ ሲሆን ያማታል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ረዳን። ጎማውን እየገፋ አመጣልኝ፤ ጎንበስ ብሎም የወለቀበትን ቦታ አየ።

«ብሎኑ ተበጥሶ ቢሆን ስብራቱ ይታይ ነበር» አለ። «ይኼ ጭራሽ አልጠበቀም፤ ላልቶ ላልቶ ነው የወጣው። ለመሆኑ ይኼን የገጠመልሽ ማን ነው?»

ምን ብዬ መለስኩለት? «አላውቀውም፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው» አልኩት። እናቴ የተሰበረ እጇን አቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ የአያ ስም እንዳይጠፋ ለማላውቀው ሹፌር እዋሻለሁ። አንድም ቀን ተጠራጥሬው ስለማላውቅ፣ ያን ሰዓት እንኳ መጠራጠር አልቻልኩበትም።

ወጌሻ የእናቴን እጅ አሽቶ ካሰረላት በኋላ፣ ከሰዓት ወደ አያ ሄድኩ። ስወጣ እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ «ሰው ነው፣ ይረሳል። አውፍ ብላሃለች በይው» አለችኝ። እኔም ከእሱ የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፦ ረሳሁ። ይህችን ካለኝ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። በመንገዴ ሁሉ እሱ ሲደነግጥ፣ እኔ «አብሽር አያ፣ ተርፈናል» ስለው እየታየኝ ነበር የምሄደው። ሳልጠየቅ ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ እኔ ነኝ ሞኟ።

ስደርስ ሁለት ሹፌሮች ጎማቸውን ለማስጠገን ቁጭ ብለዋል። የሆነውን ነገርኩት። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ፤ ዓይኑ ወደ ረጅሙ ቁልፍ ሄዶ ተመለሰ። ያን ጊዜ እንዳስታወሰ አወቅሁ። ቀጥሎ ግን ሹፌሮቹን አያቸው።

«እኔ የገጠምኩት ጎማ ወልቆ አያውቅም» አለ። ድምፁን ከፍ ያደረገው ለእነሱ ነው።

«አያ፣ እኔ ልከስዎት አልመጣሁም...»

«ጉድጓድ ውስጥ ከተሽው ይሆናል። ሴቶች ሐረጎን በፍሬን ብቻ ነው የምትወርዱት፤ በማርሽ መውረድ የሚባል ነገር አታውቁም።»

ሹፌሮቹ ሳቁ። ምን ልበል! ዘመዶቼ በሳቁብኝ ጊዜ አፋቸውን ያስያዘልኝ ሰው፣ አሁን ራሱ ሳቁን ቀሰቀሰብኝ።

«ጀናዛ መጥቶ ቁልፉን ጥለው ሄዱ» አልኩት። «የቀኙን ሳያጠብቁት ነው የሄዱት። አጠገብዎ ቆሜ ነበር።»

«የምን ጀናዛ? እኔ የጀመርኩትን ጎማ ሳልጨርስ ከሥራዬ ተነስቼ አላውቅም!»

እናቴ ተርፋ እንደሆነ አልጠየቀኝም። የአባቴን ለቅሶ ያስተናገደ ሰው፣ የአባቴ ሚስት እጇ ተሰብሮ መተኛቷን ነግሬው ዝም አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ተረት ነው እል ነበር። እያለቀስኩ ሰኞ ገበያን አቋርጬ ወጣሁ። በሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ነው።

እናቴ ሽማግሌ ላከች። እኔ ፍርድ ቤት፣ ትራፊክ ፖሊስ ስል እሷ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች ታባብለኛለች። የላከችባቸው ጨርቅ ሻጩን ሽማግሌ ነው፤ የወንድማቸውን ጀናዛ የሸኙትን። ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም ብላ ነው። ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ ወደ እሱ ሥራ ቦታ አብረን ሄድን። እሱም አክብሮ ተነሳላቸው፤ አሮጌ ጎማ አጋድሞ፣ ማዳበሪያ አንጥፎበት አስቀመጣቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ጠየቁት። ችኮላ የላቸውም። ከዚያ በዝግታ ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኔ ልፈርድ አልመጣሁም፤ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ? ግን ወንድሜን ስሸኝ ትከሻዬ ዝሎ ልጥለው ስል የተቀበልከኝ አንተ ነህ። ዘወር ብዬ አይቼሃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰግጄ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ። ልብህ ከቀብሩ ጋር ሄዶ ጎማውን ብትረሳው ማን ይፈርድብሃል? የኸይር ሥራ ነው ያዘናጋህ። ረሳሁ በላትና ነገሩ ይብቃ።»

እንዲህ አድርጎ በር የሚከፍት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ከነክብሩ የሚያልፍበት በር ነው፤ ማለፍ ብቻ ነበር የቀረው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊለው ነው አልኩ። ይኼኔ አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አለህ? የፊቱን ታይልኛለህ?» ሲል ተጣራ። እሱ ቀና ብሎ ሹፌሩን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

«አባባ፣ ተሳስተዋል» አለ። «የተቀበልዎት እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ያን ቀን ከዚህ አልተነሳሁም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ በወደድኩ።

«እንግዲያ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዓይን አይታመንም። ዱዓውንም ለማላውቀው ሰው ኖሯል ሳደርግ የከረምኩት።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ሄዱ። ጎማው ላይ የተነጠፈው ማዳበሪያ መሬት ወደቀ። እሱ ወደ ሚኒባሱ ሄደ፤ እኔ መሃል ላይ ቀረሁ።

ለእኔ መዋሸቱን ቀስ በቀስ ልለምደው እችል ይሆናል። የእንጀራ ነገር ነው፣ ደንበኛ እንዳይሸሸው ፈርቶ ነው እላለሁ። ግን የወንድማቸውን ጀናዛ ተሸክሞ ሳለ አልተሸከምኩም ማለት! ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራውን መልካም ነገር ሁሉ እጠራጠረው ጀመር። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን የዋለው ለአባቴ ብሎ ነው? ወይስ ደንበኛ የሚፈልግ ሰው ለቅሶ ላይ መታየት አለበት ብሎ? ይኼን ማሰብ የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ግን እያሰብኩት ነው። እናቴ እያደር ይጠራል ያለችው እኔ ዘንድ እያደር ጠቆረ።

ከሳምንት በኋላ ሰው ልኮ «መኪናዋን ታምጣልኝ፣ የተጎዳውን በነጻ አስተካክልላታለሁ» አለ። እናቴ «ይኸው ተጸጸተ፣ በቃሽ» አለች። ተጸጽቶስ ይሆናል። ግን ጸጸቱን በሰው አፍ፣ በጓሮ በር ነው የላከው። ስድቡን የሰማሁት በሹፌሮች ፊት ነበር። አልሄድኩም።

አሁን ጎማ የማስጠግነው ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ተንፍሶብኝ ከፋብሪካው አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ ወሰድኩት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከገጠር መጥቶ በቅርቡ ሥራ የጀመረ። ጥሩ አድርጎ ጠገነው፣ ገጠመው፣ በረጅሙ ቁልፍ አጠበቀው። አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷን ብሎን አይቻለሁ። ቢሆንም «እንደገና አጥብቀው» አልኩት። ደገመው። ክዳኑን ሊገጥም ሲል «አንድ ጊዜ ደግሞ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ አታምኚኝም እንዴ?»

«አላምንህም» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሱ ቁልፉን አነሳና አራቱንም በየተራ ረገጣቸው፤ ክዳኑን ገጥሞ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መኪናዬን ሳስነሳ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«ግን ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

ምንም አላደረገኝም። ይህን እንኳ ሳልነግረው ነድቼ ሄድኩ።