የላሟ ቀይ አንጸባራቂ

ኤርሳዶ በሁምቦ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አስፋልት ዳር ብስክሌት ይጠግናል። ከስብርባሪው መሐል የማይጥለው ነገር ቢኖር ከኋላ ጎማ በላይ የሚታሰረው ቀይ አንጸባራቂ ነው። መኪና ከበዛ ወዲህ አይሱዙዎች ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከውኃ የሚመለሱ ከብቶችን እየገጩ ስላስቸገሩ፣ አንዱን በጠፍር ላይ ሰፍቶ በላሙ አንገት አሰረው። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ እንደ ፍም ይቀላል።

«ላሟን መኪና አደረጋት!» አለ ጎረቤቱ ኢሳይያስ። «ፍሬቻም ግጠምላት እንጂ፣ ስትታጠፍ እንድታሳይ።»

ኤርሳዶ ሳቀ። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ላሟ የእሱ ብቻ አልነበረችም። ከመንገዱ ማዶ ከምትኖረው፣ ባሏ ከሞተባት ከፈጠነች ጋር በኮታ፣ እኩል አዋጥተው የገዟት ናት፤ ለሁለት ቤት አንድ ላም፣ ተራ በተራ የምትያዝና የምትታለብ። ሌላ ከብት ሁለቱም የላቸውም። ፈጠነች ተራዋ ደርሶ ላሟን ስትረከብ፣ «አደራ፣ እንዳትፈቺው» አላት።

«ምን በወጣኝ፣ ጋሼ! አልፈታውም።»

አልፈታችውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የፍሬን ሲጢጥታ ተሰማ። ኤርሳዶ ሮጦ ሲደርስ ላሟ አስፋልቱ ላይ ተዘርራለች፤ ሾፌሩ ራሱን ይዞ «ምንም አልታየኝም» ይላል። አንገቷን ዳበሰ። አንጸባራቂው አለ፤ ጫፉ እንኳን አልተሰበረም። በነጠላ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል።

«ፈጠነች! ይሄ ምንድን ነው?»

«የምትታለብ ላም እኮ ናት» አለች እያለቀሰች። «እንዲህ እያብለጨለጨች የሰው ዓይን ቢበላትስ? ወተቷ ቢነጥፍስ?»

«አሁንስ አልነጠፈም?»

ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

የላሟ ጥጃ ቤት ታስራ ስለነበር ተረፈች፤ እሷም የሁለቱ ናት። ኤርሳዶ ያንኑ አንጸባራቂ አሰረላት። ቀን ሊሸፈን፣ ማታ ሊገለጥ ተስማሙ።

የፈጠነች ተራ በሆነ ጊዜ ኤርሳዶ ሲመሽ ሥራ አይያዝለትም። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ወደ ማዶ ያያል። አንዳንድ ቀን ቀዩ ብልጭ ይላል። አንዳንድ ቀን ግን መብራቱ ጥጃዋን አልፏት ይሄዳል፣ ምንም የለም። ያኔ ጉጠቱን ወርውሮ ይሻገርና ጨርቁን ይፈታል።

«ረስቼው ነው፣ ጋሼ።»

«ትናንትም ረስተሽ ነበር።»

«ትናንትማ እንግዶች ነበሩ። አይተው ቢያደንቋትስ?»

ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ይመለሳል። ኪሱ በጨርቅ ሞልቷል፤ የእሷ ነጠላ ግን ገና አላለቀም።