ፋታ የማይሰጥ ጨዋታ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት፣ ሰው ስለ ኮሌጅ ፉትቦል አሠልጣኞች ሲከራከር ከሰማሁ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንዱ «የዚህኛው ቡድን ይፈጥናል» ይላል፣ ሌላው «ያኛው ይበልጣል» ይላል፣ ጠረጴዛ ይደበደባል። እኔም ከደብዳቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ግን ለሁለት ፈጣን አሠልጣኞች ተጫውቷልና፣ ልዩነታቸውን የማውቀው እንደነሱ ከቴሌቪዥን ብቻ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የአሜሪካ ፉትቦል እንደኛ ኳስ ዝም ብሎ አይፈስም። አንድ ግጭት ይሆናል፣ ይቆማል፤ ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ስፕሬድ የሚሉት አጨዋወት ሰዎቹን ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይበትናቸዋል። በዚያ ላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ምክር የለም፣ ትንፋሽ መሰብሰብ የለም፤ አንዱ ሩጫ ሲያልቅ ወዲያው ሌላው ይጀመራል። ተከላካዩ ሲደክም፣ እግሩ ሲተሳሰርበት፣ ያኔ ነጥብ ይገባበታል። ሲያዩት ያምራል። አልዋሽም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የመጀመሪያው አሠልጣኝ ኮሪያታውን ሠፈር፣ እህቴ አፓርታማ ድረስ መጥቶ ነው ልጁን ለኮሌጁ ቡድን የወሰደው። ያቀረበችለትን ሁሉ በላ፣ ያጎረሰችውን ጎረሰ፣ ጥያቄዋን እስክትጨርስም ተደላድሎ ጠበቃት። የሱም ቡድን ይፈጥን ነበር። ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ልጆቹ ሮጠው ከተሰለፉ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን አዙረው ያዩታል፣ እሱም ያያቸዋል። የተከላካዩን አቋም አይቶ ምልክት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በዚያች ፋታ ግን የሚያነክሰውንም፣ ዓይኑ የዞረበትንም ያይ ነበር። ልጃችንን ስንት ጊዜ በእጁ ጠርቶ አስወጥቶታል። መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም። የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ለእህቴ አንዴ እንኳ ሳይደውል፣ ልጇን ለሌላ ሰው ትቶላት ሄደ። ለዚህ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሁለተኛው መጣና ያቺን ፋታ አጠፋት። ትእዛዙ ከሜዳው ዳር በትልልቅ የሥዕል ሰሌዳዎች ይወጣል፤ ልጆቹ ሥዕሉን አይተው ይሮጣሉ። እሱ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ጊዜ እንዳይባክን ብሎ ኳስ ተቀባዮቹን በየቦታቸው ቸነከራቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ አሠልጣኙና ተቀያሪዎቹ ባሉበት በቤንቹ በኩል፣ አንዱ ሁልጊዜ ከቤንቹ ማዶ፣ ቅያሪ የሚባል ነገርም የለም። የእኛ ልጅ ዕጣው ማዶ ሆነ። በሱና በአሠልጣኙ መሀል የሜዳው ስፋት በሙሉ አለ። እስቲ እዚያ ማዶ ፊቱን ማን ይየው?

ይህን ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ጋሼ በሠፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ። ከፉትቦል አሠልጣኝ ደግሞ ይህን ሁለተኛውን የመሰለ አልተፈጠረም ባይ ናቸው። «የፊተኛው ያመነታል፤ ይሄኛው ግን ጀግና ነው» ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጬ ጨዋታውን አያለሁ። ልጃችን ወደ መሀል ቆርጦ ገብቶ ኳሷን እንደያዘ አንድ ግዙፍ ተከላካይ መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። ወደቀ፣ ተነሣ። ሲነሣ ግን እየተንገዳገደ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ሰዎች መራመድ ጀመረ። ጓደኛው በማልያው ጎትቶ መለሰው። ወዲያው ኳሷ ተለቀቀች፤ ልጃችን እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በቆመበት ቀረ፣ ሌሎቹ ሮጡ፣ ነጥብ ገባ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

«አየኸው! ፋታ የለም! አሠልጣኝ ማለት ይሄ ነው!» አሉ ጋሼ ጠረጴዛውን እየደበደቡ።

«ልጁን አዩት ጋሼ?»

«የቱን ልጅ?»

የያዝኩትን ብርጭቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ማታ ደወልኩለት። «አጎቴ፣ አይም ፋይን። ቼክ አድርገውኛል። ጌሙን አየኸው?» አለኝ። አየሁት አልኩት። ስለ እናቱ ጠየቀኝ፤ ዌስትቼስተር ከሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስበት ሥራዬ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ «ሶ፣ ጌሙን አየኸው?» አለኝ፣ እንደ አዲስ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ጠየቀኝ።

እህቴ ኬርጊቨር ናት፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው ታስታምማለች። የተመታ ጭንቅላት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከሁላችን በላይ ታውቃለች። ስነግራት አላለቀሰችም። «ሽማግሌ ላኩበት» አለች።

«ማን ላይ?»

«አሠልጣኙ ላይ ነዋ። ልጄን ያሳርፍልኝ በሉት። ሰው አይደለም እንዴ? እናት የላከችውን ሽማግሌ እምቢ አይልም።»

እኔ ራሴ ደውዬ ልንገረው ብላት «አንተ ቁጡ ነህ፤ ትሰድበውና ቂሙን በልጄ ይወጣል» ብላ ከለከለችኝ። እሺ አልኩ።

በሳምንቱ መሀል ጋሼና ሁለት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ጣል አድርገው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ለጋብቻ ልጅ ልንጠይቅ የምንሄድ ነው የምንመስለው። እኔ ሹፌርም አስተርጓሚም ነኝ። ጋሼ እንግሊዝኛ ከኔ የበለጠ ይችላሉ፤ ግን ሽምግልና በፈረንጅ አፍ አይሆንም አሉ።

ከከተማ ውጭ ያለው ኮሌጅ ስንደርስ አሠልጣኙ ቢሮው ተቀብሎን ወንበር አሳየን። ጋሼ ከወንበሩ ፊት ቆሙ፤ ሁለቱም አጠገባቸው ቆሙ። ደንቡ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩን እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የኛ ሰው ቢሆን «ኧረ በእግዜር ተቀመጡ» ይላል፣ እነሱም «የመጣንበት ነገር ከባድ ነው፣ አንቀመጥም» ይላሉ፣ እንዲህ ሲባባሉ ነገሩ ይከብዳል፣ ሰው ጆሮውን ይሰጣል። ሰውየው ግን አንዴ «ሲት ዳውን» አለ፤ እምቢ ሲሉት እሱም ብድግ ብሎ ቆመ። ጋሼ ጤናውን ጠየቁ፣ ቤተሰቡን ጠየቁ፣ አጨዋወቱን አመሰገኑ፣ እሱንስ ከልባቸው ነው፣ ከዚያ ስለ አንድ አባትና ስለ ልጆቹ ተረት ጀመሩ። እኔ እተረጉማለሁ። አሠልጣኙ የቆሙትን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አያቸውና ፊቱ በራ።

«ኦ፣ ለካ ቸኩላችኋል! ኑ፣ እየተራመድን እናውራ» ብሎ በሩን ከፈተ።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት የቆሙ ሰዎች፣ የቸኮሉ መሰሉት! እንደ ቡድኑ ነው የሚራመደው። ልጆቹ ብረት የሚያነሡበትን አዳራሽ አሳየን፣ ልብስ መቀየሪያውን አሳየን፣ የግድግዳ ፎቶዎቹን አሳየን። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይከተላሉ፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ተረቱን እተረጉማለሁ። መውጫው በር ላይ ለእያንዳንዳቸው የቡድኑን ኮፍያ ሰጥቶ እጁን ለስንብት ዘረጋ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነሣም።

እዚያ ላይ ገነፈልኩ። «የእህቴ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቷል» አልኩት። «ወደ ተጋጣሚ ቡድን ሲራመድ እኔ ፌርፋክስ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንተ እዚያው ቆመህ አላየኸውም!»

ፈገግታው አልቀነሰም። «ሐኪሞቹ አይተውታል። እሱም ደህና ነኝ ብሏል። ልጃችሁ ታጋይ ነው» አለኝና ሰዓቱን አየ። ሄደ።

መኪና ውስጥ የሽማግሌዎቹ ቁጣ ይወርዳል ብዬ የጠበቅሁት አሠልጣኙ ላይ ነበር። እኔ ላይ ወረደ።

«ሽማግሌ ሲናገር ጥልቅ ይባላል? አሳዳጊ የበደለህ!» አሉኝ ጋሼ።

«መቼ ሊነግሩት ነበር ታዲያ?»

«ሁለተኛ ስንመጣ ነዋ! ሽምግልና በአንድ ቀን አልቆ ያውቃል? ዛሬ ፊታችንን አየ፣ ሌላ ቀን ቀጠሮ እንይዛለን።»

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ እኮ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ኮፍያውን ደፍተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፋታ የለም እያሉ ጠረጴዛ የሚደበድቡት ሰው! መሪውን አንቄ ይዤ ሎስ አንጀለስ ድረስ ነዳሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ሦስቱንም አውራ ጎዳና ላይ አወርዳቸው ነበር።

እህቴ ኮፍያዎቹን አይታ ሁሉንም ነገር ተረዳች። ስልኳን አነሣችና ለልጇ ደወለች፣ እኔም እንድሰማ አጠገቤ አስቀመጠችው።

«ስማኝ ልጄ። ቅዳሜ ጭንቅላትህ ዞር ካለብህ፣ ውደቅ።»

«ዋት? ማሚ?»

«መሬት ላይ ተኛ። ሰው ከወደቀ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል አይደል? መጥተው ፊትህን እስኪያዩህ እንዳትነሣ።»

«ማሚ፣ ቲሙን ስሎው ዳውን አደርጋለሁ እኮ። ሰው ያሾፍብኛል። ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ይስጡት!» ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ስትወለድ ጀምሮ ተነሥ፣ በርታ ስልህ ኖሬያለሁ። አሁን ውደቅ ያልኩህ እኔ እናትህ ነኝ። እሺ በለኝ።»

እሺ ሳይላት ዘጋው።

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ከኔ ጋር ምግብ ቤቱ መጣች። ጨዋታ አይታ አታውቅም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከማያው ላይ አልነቀለችም። ጋሼ ከፊታችን ነበሩ፣ ያንን ኮፍያ ደፍተው። ቡድኑ እየፈጠነ ነበር፤ ተከላካዮቹ ሲያለከልኩ ከዚህ ሆነን ይታየናል፣ ሰዉም በደስታ ጦዟል። ልጃችን ኳስ ያዘ፣ ተመታ፣ ተነሣ። ወደ ቦታው ሮጠ፤ ማዶ። ቆመና ራሱን ነቀነቀ። የሥዕል ሰሌዳው ወጣ። ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ እጁን አነሣ።

ልጃችን መጀመሪያ ተንበረከከ። ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ።

ፊሽካ ተነፋ። ቤቱ በሙሉ «ኡ!» አለ። «ኧረ ተነሥ! ተነሥ! አሁን እኮ ደክመውልን ነበር!» ብለው ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ሌላውም ተቀበላቸውና «ተነሥ!» እያለ ይጮህ ጀመር።

«እንዳትነሣ!» አለች እህቴ። ከሁሉም ድምፅ የሷ በለጠ። «እንዳትነሣ ልጄ! እንዳትነሣ!»

አልተነሣም። ካሜራው አሠልጣኙን አሳየ፤ ሰዓቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ሐኪሞቹን ተከትሎ ያንን ሁሉ ሜዳ ማቋረጥ ጀመረ። ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው። እዚያ ማዶ ሲሻገር ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ልጁ በሁለት ሰዎች ትከሻ ተደግፎ ወጣ፤ ያን ቀን ሜዳ አልተመለሰም።

እህቴ ግን ገና ሲያነሡት ነው እልልታዋን ያቀለጠችው። በቆመችበት፣ ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እልል አለች። አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ጋሼ ዞረው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ልጅሽ እኮ ነው የወደቀው!»

«አዎ ጋሼ» አለቻቸው። «ተመስገን ነው፤ ወደቀልኝ።»