ወይዘሮ ደረሰኝ

ሠፈሩ ልብስ ሰፊዋን «ወይዘሮ ደረሰኝ» ይላት ነበር። ዚፕ እንኳ ቀይራ ደረሰኝ ሳትቆርጥ አታሰናብትም። ጎረቤቷ ጨርቅ ነጋዴው ሲያሾፍባት፣ «እናቴን የመንግሥት ሆስፒታል ስድስት ወር አስታሞልኛል። ከአልጋዎቹ የአንዱ እግር እንኳ በእኔ ብር ይቁም ብዬ ነው» ትለዋለች።

አንድ ዓመት ግብር ገማቹ የመጣው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሱቋ በዩኒፎርም ታጭቋል፤ ወላጆች በር ላይ ይጋፋሉ። ጨርቅ ነጋዴው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ በሩን ዘግቶ ጠፍቷል። ገማቹ የተሰቀለውን ልብስ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ቆጠረና «የቀን ሽያጭ» ብሎ ጻፈ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአንድ ወር ግርግር ነው። ሌላውን ጊዜ እጄን አጣጥፌ ነው የምውለው። ደረሰኞቼን እያቸው።»

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት፣ እትዬ» አላት፣ የደረሰኙን ጥራዝ ሳይገልጥ።

የተገመተባትን ግብር ተቃውማ ግብር ቢሮ አቤት አለች። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም» እየተባለች አራት ወር ተመላለሰች። በመጨረሻ ግምቱ ጸና። ሁለተኛውን ማሽኗን ሸጣ ከፈለች። ገንዘቡስ ይሁን፤ ዓመት ሙሉ ከጻፈችው አንዲት ገጽ የገለጠላት ሰው መጥፋቱ አንገበገባት።

በዓመቱ ገማቾቹ ሲመጡ ጨርቅ ነጋዴው ሊያስጠነቅቃት ግድግዳውን መታላት። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ፣ ቀሚስ ልትለካ ከመጣች ደንበኛ ጋር ጨለማ ውስጥ ቁጭ አለች። በሩ ተንኳኳ።

«ዕዳ አለብሽ እንዴ?» አለቻት ደንበኛዋ በሹክሹክታ።

«የለብኝም።»

ገማቾቹ ሲሄዱ ጨርቅ ነጋዴው ብቅ ብሎ፣ «አሁን ገና ነጋዴ ወጣሽ!» አላት። ሳቀችለት። ቤቷ ስትገባ ግን እራቷን ሳትነካ ተኛች።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ብድግ ትል ጀመር። «ሳልሰርቅ እንደ ሌባ መባነን ሰለቸኝ» አለችው ባሏን። ስድስት ወር ሳይሞላ ንግድ ፈቃዷን መልሳ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች።

እዚያ አንገትጌ ብቻ ነው የምትሰፋው፤ ጠዋትም አንገትጌ፣ ማታም አንገትጌ። ግብሩ ደሞዟ እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። ሌሎቹ ሲያማርሩ እሷ አቀርቅራ ትሰፋለች።

«አንቺን አይቆጭሽም?» አለቻት አንድ ቀን አጠገቧ የምትሠራው ልጅ።

«እኔን የሚቆጨኝ ሱቄ ነው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።