ጸሐፊውን በነጠላዬ ያሰርኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። "ዓባየይ፣ አባወራው ይምጣ አሉኝ" አለች። አባወራው ባሏ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። ንዴቴ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ የልጅነቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ሳቄ።

ጣልያን ከመቐለ እንደወጣ ሰሞን ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ አልፎ የበለስ ወቅት ሊያበቃ ነበር። ቤት ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። አባቴ ጦር ሜዳ ከቀረ በኋላ እናቴ ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማ ያቆመችው ቤት ነበረንና እኔን አስከትላ ሄደች።

ጸሐፊው ከመሃል አገር የመጣ፣ ነጭ ኩታ የለበሰ ወፍራም ሰው ነበር። "የወንድ ስም" አለ ቀና ሳይል።

"ባሌ ሞቷል፣ ጌታዬ።"

"ወንድም አልነበረውም?"

"አለ፤ ዓዲግራት።"

"ደኅና፤ በሱ ስም ይጻፋል።"

አጎቴ ቤቱን አይቶት አያውቅም። የሱ መሆኑን ቢሰማ ግን በማግስቱ ሊሸጠው ይመጣ ነበር። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ የጸሐፊውን ኩታ ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩና "በሕግ አምላክ! ወደ ዳኛ!" አልኩ። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ መንገድ ላይ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ ማለት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ፍቺኝ!"

"እርስዎ ይፍቱት፤ ከፈቱት ግን ተረቱ።"

ዳኛው ከገበያው ማዶ ነበር፤ ዕለቱ ደግሞ ሰኞ፣ የገበያ ቀን። መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ በግመሉና በጨው ክምሩ መሃል ጎተትኩት። ከወሎ የመጣች በርበሬ ሻጭ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ሙሽራው ምነው አኮረፈ?" አለች።

"ጥሎሹ በዝቶበት ይሆናል!" አለች ጎረቤቷ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰውዬው ይቁነጠነጥ ጀመር። ጠዋት ክርስትና ተጠርቶ ስዋ ሲጠጣ አርፍዷል፤ ስዋችን እንደሆነ እንደ መሃል አገሩ ጠላ መውጫውን ይፈልጋል።

"ልጄ፣ ለአንድ አፍታ፣ እዚያ ቁልቋሉ ጀርባ..."

"ይሂዱ፤ አብሬዎት ነኝ። ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ መዝገቡን አንድ የጤፍ ከረጢት ላይ ዘረጋና "የእናትሽ ስም?" አለ። እግሩን አጣምሮ ጻፈ። የቄስ ትምህርት ቤት ያስቆጠረኝን ፊደል ይዤ አንድ በአንድ አነበብኩና ቋጠሮውን ፈታሁ። መዝገቡን እጄ ላይ ጥሎ ወደ ቁልቋሉ በረረ።

ይህን ሳወራ ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ከእናቴ ኋላ ስድስት ሴቶች ተሰልፈው ነበር። የነሱ ቤት በወንድም፣ በአማች ስም ተጻፈ፤ ከስድስቱ ሁለቱ፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ከቤታቸው ወጡ። እኔ ያን ዕለት መዝገቡ እጄ ላይ ነበር፤ ጸሐፊውም ቁልቋል ጀርባ። በእናቴ ስም ደስ ብሎኝ፣ የነሱን ሳላስብ፣ ሲመለስ በሁለት እጄ አስረከብኩት።

ነገ ከልጅ ልጄ ጋር እሄዳለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ አብዛኛው ሴት ነው ብላኛለች። ደግ። ምሳ እንቋጥራለን፤ የሷ መታወቂያ ስለተሰጠ ብቻ ግን ከዚያ አልነሣም።