የናዝሬቷ የፈረንሳይ ንግሥት

ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አዲስ አጎበር ከላስቲኩ አውጥቶ ፊቴ ላይ ሲያራግፈው፣ ያ ደረቅ የፋብሪካ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሳቄ መጣ። ሰውየው ያበድኩ መስሎት ይሆናል። ምን ብዬ ላስረዳው? በአሥራ አራት ዓመቴ ይሄንን ለብሼ የፈረንሳይ ንግሥት ነበርኩ ብለው ማን ያምነኛል?

አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

ያኔ በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ናዝሬት የምትገባው በባቡር ነበር። ጎረቤታችን ከባቡር ጣቢያው በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ኦሮምኛውን ከእናታቸው፣ ፈረንሳይኛውን ከሥራቸው ተምረው ሁለቱንም ካማርኛ ጋር እያደባለቁ ነበር የሚያወሩት። «ኮቱ፣ ማድሞዋዜል!» ነይ ማለታቸው ነው፤ እንዲህ ብለው ከአጥር ማዶ ሲጠሩኝ የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ፓፓያቸው ሥር ተቀምጠን ሽፋኑ የወለቀ፣ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸት ባለሥዕል መጽሐፍ ይገልጡልኛል። ንግሥቲቱ እዚያ ውስጥ ነበረች። ፀጉሯ ወደ ላይ ተከምሮ፣ ቀሚሷ በእኛ ቤት በር የማይገባ። አበባ ስለሞላው አትክልት ቦታዋ፣ ስለ ጭፈራው፣ ስለ ሽቶው ሲነግሩኝ ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴና የአቧራ ነፋስ ይሰማል፤ እኔ ግን ፓሪስ ነኝ። ወደድኳት። በቃ፣ ወደድኳት።

ከቤት የምሸሽበትም ምክንያት ነበረኝ። ከዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜን ከትምህርት ቤት ወስደው አሰሩት። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት ጠባቂው ሳህኑን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማልቀስ ግን ክልክል ነበር፤ ድንኳን የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። እናቴም አላለቀሰችም። ስሙንም ዳግመኛ አልጠራችም። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ደህና ዋልሽ ላሏት መልስ ትሰጣለች። እኔን ግን ፊት ለፊቷ ቆሜ አታየኝም ነበር። እሷንም ያጣኋት መሰለኝ፤ የልጅ ልቤ ከዚህ የበለጠ የፈራው ነገር የለም።

የቀበሌያችን የወጣቶች ካድሬ ለአብዮት በዓል ቴያትር እንሥራ ብሎ የተነሳው በዚያ ሰሞን ነው። የፈረንሳይን አብዮት፣ ንግሥቲቱ አንገቷን የተቆረጠችበትን፣ መረጠ። ንግሥት መሆን የሚደፍር ሲጠፋ፣ «ቦንዡር» ማለት ስለምችል ለእኔ ደረሰኝ። «ተመልካቹ እንዲጠላሽ ነው የምፈልገው» አለኝ ጣቱን እየቀሰረ። «ካዘኑልሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው።» እኔ የፈለግኩት ሌላ ነበር። እናቴ መጥታ እንድታየኝ።

ሽማግሌው የአልጋቸውን አጎበር ለቀሚስ ሰጡ። የወባ ትንኝ እየበላቸው ሰነበቱ እንጂ አንድ ቀን አላማረሩም። ፀጉሩን ከጥጥ ሠራን። አንገት መቁረጫው ካርቶን ሆኖ፣ ስለቱ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተለበጠ። ሽማግሌው ሳህን አናቴ ላይ ጭነው ግቢያቸውን ያዞሩኛል። «ቀስ በይ! ንግሥት ወፍጮ ቤት ወረፋ ያመለጣት አትመስልም።» ሳህኑ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አትጠይቂኝ።

በበዓሉ ቀን የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ በከሰዓቱ ፀሐይ ግሎ ይንጣጣል፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እናቴ በሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ተቀምጣለች። «ሕዝቡ ዳቦ አጣ» ሲሉኝ «ኬክ ይብላ!» አልኩ፤ በየንጋቱ ለዳቦ ሲሰለፍ የከረመ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ካድሬው እጁን እያፋተገ ራሱን ነቀነቀልኝ። እስከዚያ ድረስ በደንብ እየተጠላሁ ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ እየጮኽኩ ወደ ስለቱ መጎተት ነበረብኝ፤ ተመልካቹም «ትውደም!» ማለት ነበረበት። ወደ ስለቱ የሚያወጣውን ደረጃ ስወጣ አጎበሩ ጠለፈኝ። ተንገዳግጄ የገዳዩን እግር ረገጥኩት። ገዳዩን የሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ገዳይነቱን ረስቶ ክንዴን ያዘና «እኔን ይድፋኝ!» አለ። አዳራሹም፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ባንድ አፍ «እኔን!» አለ።

ሰው ሲደናቀፍ እንዲህ ማለት ከልጅነት ያደግንበት ነው፤ ሳያስቡት ካፍ ይወጣል። ካድሬው ሲደነግጥ አየሁት። «ይቅርታ» አልኩት ገዳዬን፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ፤ ሳልጮህ፣ ሳህን እንደተሸከምኩ ሁሉ ቀጥ ብዬ ሄጄ ተንበረከክሁ። «ትውደም» ያለ የለም። የሁሉም «እኔን» ካበቃ በኋላ አንድ ድምፅ ብቻ ከበሩ አጠገብ ቀጠለ። «እኔን! እኔን ልጄን! እኔን!» እናቴ ነበረች። ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ጎኗ ያለችው ሴት ተከተለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የአዳራሹ እናቶች ሁሉ። በናዝሬት ከተማ ለፈረንሳይ ንግሥት ለቅሶ ተቀመጡ።

የከለከላቸው አልነበረም። ለቴያትር ያለቀሰን ማን ምን ይለዋል? ካድሬው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሪፖርቱ ላይ «ሕዝቡ በአብዮታዊ ስሜት አነባ» ብሎ እንደጻፈ ኋላ ሰማን። እሱም እናት ነበረችው።

ሽማግሌው መጋረጃ ጀርባ መጥተው የጥጥ ፀጉሬን አስተካከሉልኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «እውነተኛይቱም ንግሥት የገዳዩን እግር ረግጣ ይቅርታ ጠይቃው ነበር አሉ» አሉኝ። «እንዳያስፈራሽ ብዬ ይሄን አልነገርኩሽም። ማን ነገረሽ?» ማንም አልነገረኝም።

ቤት ስንገባ እናቴ ሳፋ ውስጥ ውሃ ቀድታ ፊቴ ላይ ያለውን ፓውደር በእጇ ታጥብልኝ ጀመር። ከዓመት ወዲህ እንዲያ ነክታኝ አታውቅም።

«ያቺ ንግሥት ልጆች ነበሯት?» አለችኝ።

«ነበሯት። ወንዱን ከእጇ ነጥቀው ወሰዱባት።»

እጇ ቆመ። «የት እንዳደረሱት ነገሯት?»

«አልነገሯትም።»

ውሃው ከአገጬ ሳፋው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ስሟን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁለቴ ሞክራ ምላሷ ላይ አልዞር አላት።

«ነፍሷን ይማር» አለች። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራችና፣ «የእሱንም» አለች።