አፉን የሸፈነ አባት

ዛሬ ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ ስንመለስ፣ ዝናብ የነካው አዲስ እርሻ በሚኒባሱ መስኮት ሸተተኝ፤ ልጄ ስንዱ አጠገቤ ኩርምት ብላለች፣ እኔም ንዴቴን እንደዋጥሁ ያ ሽታ ልጅ ሆኜ ወደተፈተንሁበት ማሳ ይዞኝ ሄደ።

ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው፤ የልጅነቴ ፈተና እርሻ ነበር። በመንደራችን ልጅ አራሽ ሆነ የሚባለው በአባቱ ማሳ፣ በአባቱ በሬ አርሶ አልነበረም። ለሁሉም ልጅ አንድ የጎረቤት ማሳ፣ አንድ ጥማድ በሬ ይቀርባል፤ ከጥማዱም አንደኛው፣ ቦራ የሚሉት፣ የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ ሳይል ሁሉንም እኩል የሚያስለቅስ ክፉ ነበር። አባት ደግሞ ልጁ እስኪጨርስ ድረስ ዳር ቆሞ በጋቢው አፉን ይሸፍናል፤ ማሞገሱም ማሳበቡም ነውር ነው።

የእኔን ትልም ዳኛችን አያ ታከለ ጎንበስ ብለው አዩና “ምነው ልጄ፣ እባብ ስታባርር ነው እንዴ የዋልኸው?” አሉ። ሰው ሳቀ፤ የአባቴ ዓይን ከጋቢው በላይ ቀላ፣ ቃል ግን አልተነፈሰም። በዓመቱ ያንኑ ማሳ በዚያው ቦራ አርሼ “ሸጋ ነው” አሉኝ፤ ያች ቃል የትም ቀዬ ብሄድ ታስከብረኝ ነበር።

ስንዱ የተወዳደረችው ለአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። መለያው የጋራ ፈተና ቢሆን ምን ነበረበት! እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለራሱ ልጆች የሰጠው ማርክ ነው። የእኛ መምህር ማርክ ሲሰጥ ከጉበቱ ቆርሶ የሚሰጥ ይመስላል፤ ከክፍሏ አንደኛ ለወጣችው ለስንዱ ሰማንያ ሰጣት። የከተማው ትምህርት ቤት ዘጠናውን እንደ ጠበል ይረጨዋል። ዛሬ ጠዋት ጎንደር ላይ አንድ የከተማ ልጅ ያለፉት ስም የተለጠፈበትን ማስታወቂያ ሲያነብ መሀል ላይ ተደናቀፈና ስንዱ አንብባ ጨረሰችለት። የእሱ ስም አለ፤ የእሷ የለም።

“ሁለቱን አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው” አልሁት የአዳሪ ትምህርት ቤቱን መዝጋቢ።

“አባት፣ እኛ የተላከልንን ነው የምናየው” አለኝ።

ይኸ ዳኝነት ነው? አንዱን በጭንጫ፣ ሌላውን በለስላሳ አፈር አሳርሶ ትልም ማወዳደር!

“አባዬ” አለች ስንዱ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ “ለከርሞ ማርክ ወደሚረጩት ልዛወር?”

ያ ማሳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፣ አያ ታከለም አፈር ከሆኑ ቆዩ፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ጋቢውን ጥሎ የየራሱን ልጅ ያወድሳል። “ተዛወሪ” የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰና ጋቢዬን ወደ አፌ ሳብሁት።