ወይዘሮዋ የምትተነፍስበት ቦታ

አክስቴ ልብስ የምትተኩሰው በሰው ትንፋሽ ነው። በማንም ትንፋሽ አይደለም ታዲያ፣ በወይዘሮዋ ነው።

ወይዘሮዋ የኦፔራ ዘፋኝ ናት። ስሟ በቴፕ በምንሰማት ካሴት ሽፋን ላይ ተጽፏል፤ አክስቴ ግን በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ስም ጠርቼ ከማበላሸው ብላ "ወይዘሮዋ" አለቻት፣ እኛም ተከተልናት። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆማለች። ባንደኛው ገጽ የገና መዝሙሮች ትዘምራለች። በሌላው ገጽ አሪያ የሚሏቸው አሉ፤ አንዲት ሴት መድረክ መሃል ብቻዋን ቆማ የሆዷን የምትዘረግፍባቸው ዘፈኖች ናቸው።

ካሴቱ የተገኘው ከአንድ ደንበኛ ካፖርት ኪስ ነው። የምንሠራበት ላውንደሪ ደንብ አለው። ከኪስ የወጣ ነገር፣ ሳንቲም ይሁን ቁልፍ ይሁን የጆሮ ጌጥ፣ ባንኮኒው ላይ ካለው ብርጭቆ ይገባና ባለቤቱን ይጠብቃል። ካሴቱ ብርጭቆው ውስጥ አልገባ ስላለ አክስቴ አጠገቡ አስቀመጠችው፤ ከዚያ አላስችል አላትና ሰማችው። ሰውየው ካፖርቱን ሊወስድ ሲመጣ በሁለት እጇ አቀረበችለትና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ" አለችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ "ለእርስዎ ይሁን" ብሎ ካፖርቱን ብቻ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ገና ዓመቱን ሙሉ ነው። ውጭ ፀሐይ አስፋልት ስታቀልጥ፣ እኛ ጋ ስለ በረዶ ይዘመራል። እኔ ፊት ለፊት ባንኮኒው ጋ ቆሜ ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ነገረኛ ደንበኛ እሸኛለሁ። እሷ ከኋላዬ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ናት። እንፋሎቱ ፍስስ እያለ ይወጣል፣ መስታወቱ ላብ ያልበዋል፣ መንገዱም አላፊ አግዳሚውም ደብዝዞ ይቀራል። በዚያ ጉም ውስጥ የወይዘሮዋ ድምፅ ሲመጣ፣ ቤቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል። እኔ ቶሎ የምፈዝ ሰው አይደለሁም፤ ግን ስንቱን ደንበኛ ሸሚዙን ይዤ ቆሜ አስጠብቄዋለሁ።

የገና መዝሙሮቹ ለአንሶላና ለሸሚዝ ናቸው። አሪያዎቹ እጥፋቱ ብዙ ለሆነ ፕሊሲ ቀሚስና ለሙሽራ ልብስ። ወይዘሮዋ ስትዘፍን አክስቴ ካውያውን ትገፋለች፤ ወይዘሮዋ ትንፋሽ ስትወስድ ታነሳለች። "ጨርቅም ይተነፍሳል" ትላለች። "ሳታሳርፊው ከገፋሽው ኩርፊያው ይታይበታል።" ሽፋኑ ላይ ስላለው አረንጓዴ ቀሚስ ግን ይቅርታ የላትም። "ይኼን የተኮሰውን ሰው ባገኘው! ወገቡ ላይ ሲደርስ ሰንፏል። እንደዚህ ለምትዘፍን ሴት!"

ከቃሉ አንድም አይገባትም፤ ትርጉም ግን ሞልቷታል። ሦስተኛው መዝሙር፣ በእሷ አተረጓጎም፣ "በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት፣ ልጁ ገና መተኛቱ ነው" ማለት ነው። ሁለተኛው አሪያ ላይ ወይዘሮዋ ሻሿን ተውሳ ካስቀረችባት ከባሏ እህት ጋር ትጣላለች። የመጨረሻውን አሪያ ግን ተርጉማው አታውቅም። እዚያ ላይ ድምፁ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ ሲደርስ እዚያው ይቆያል። አክስቴም ካውያዋን አየር ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና አብራ ትቆያለች። ቀስ ብሎ ሲወርድ እሷም ካውያውን ታወርዳለች። "እዚህ ላይ ምንድነው የምትለው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ዝም በይ፣ ይኼ ለእኔ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወንድሞቿን አሳድጋለች፣ ከእነሱም አልፋ እኔን አሳድጋለች፣ የሰው ልብስ ስትተኩስ የራሷ ቀሚስ ተጨማዶ ኖሯል። ከዓለም ሁሉ ለራሴ ብላ የያዘችው ያንን አንድ ከፍታ ነው።

አንድ ቀን አሪያው ሲያልቅ ካውያዋን አስቀመጠችና አዘነች። "ወይዘሮዋ እኮ አረጀች።"

"ካሴት ላይ ያለ ሰው ያረጃል እንዴ?" አልኳት።

"ለምን አያረጅም? በየቀኑ እያዘፈንናት! መዝሙሩን ትወጣዋለች፤ እዚያ ላይኛው ጋ ስትደርስ ግን ድምጿ ይጠፋል። አፏን ከፍታ የቆመች ነው የሚመስለኝ።"

እኔ ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ቢሆንም የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ወለወልኩት። ለውጥ የለም። ያንኑ ዘፈን ከስልኬ ላይ፣ አዲስና ንጹሑን፣ ከፈትኩላት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ "እዚህም አርጅታለች፣ ምስኪን" አለች። በዚያው ሰዓት የበሩ ደወል ጮኸ። አክስቴ ቀና አላለችም። ድሮ ደወሉን ከእኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ነበረች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ደንበኛው ሁሉ "አክስትሽ መስማት ደከማት" እያለ ሲያወራ ከርሞ ኖሯል፤ ያልሰማነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት፤ እያንዳንዱን ቃል ፊት ለፊት እያየቻት ነገረቻት። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ሌላውም ቀስ በቀስ ይከተላል። ጆሮ ላይ የሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ለንግግር ይረዳታል። ለዘፈን ግን ብዙ ተስፋ አትስጡ አለችን።

አክስቴ መሣሪያውን በአክብሮት ተቀበለች፤ በሥራ ሰዓት ግን አላደርግም አለች። በመጀመሪያ እንፋሎት ይገባበታል ብላ ነው፤ ኋላ እውነቱን አወጣችው። "ለሰው ወሬ ይሁን፣ እሺ። ወይዘሮዋን ግን እንደ ድመት አስጮኸብኝ።" ካውያ ስትይዝ ከጆሮዋ ታወጣውና ብርጭቆው ውስጥ፣ ከሳንቲሙና ከቁልፉ ጋር ታስቀምጠዋለች። ባለቤቱን ይጠብቃል።

እኔን የከነከነኝ ደወሉ አልነበረም። ሰው ሲያናግራት በእጅ በዓይን ይግባቡ ነበር። ግን ያ ከፍታ ሲሄድ ምን ይቀርላታል? ይኼን እያሰብኩ እናደድ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ስለማላውቅ በደንበኛ ላይ እወጣዋለሁ። በየቀኑ አሪያው ሲያልቅ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ። በየቀኑ ያው ነው፤ ካውያዋን ታነሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ምንም አይመጣላትም፣ "አይዞሽ እመቤቴ" ብላ ወይዘሮዋን ታጽናናታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሆቴል የሚላክ ሰውዬ የጠረጴዛ ልብስ ሊሰጠን መጣ። ይኼ ሰውዬ በገባ ቁጥር "ይቺ ዘፋኝ ዛሬም አልደከማትም?" ሳይል አይወጣም። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታን የሙሽራ ቀሚስ ይዛለች፤ የመጨረሻው አሪያ ገና መጀመሩ ነው። ሰውየው ትልቁን ጥቅል መሬት ለመሬት እየጎተተ ሲገባ የቴፑን ገመድ ጠለፈው። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቀለ፤ ወይዘሮዋ ከአንድ ቃል መሃል ላይ ድርግም አለች።

"ውይ፣ አጠፋሁ" አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን አነሳሁ። ልሰካው ስል ቀና ብዬ አየኋት።

አክስቴ አላቆመችም። ካውያው በነጩ ጨርቅ ላይ ይሄዳል። ወይዘሮዋ የምትተነፍስበት ቦታ ሲደርስ ተነሳ። እንደገና ሄደ። እንደገና፣ በልኩ፣ ቦታው ላይ ተነሳ። ያንን ዘፈን እኔም በቃሌ ስለማውቀው አብሬያት በሆዴ ሄድኩ። የሆቴሉ ሰውዬ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እጄን ዘረጋሁበትና ዝም አለ። እንፋሎቱ ፍስስ ይላል። ከዚያ ውጭ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

ላይኛው ጋ ደረሰች። ካውያዋን አየር ላይ አነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየች። እንደ ድሮው ቆየች፣ እስከ መጨረሻው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ከዚያ ካውያው ሲወርድ፣ እሷ ወደ እኛ ዞረች፤ ዓይኖቿ ሞልተዋል።

"ሰማሽ?" አለችኝ። "ዛሬ ድምጿ ተመለሰላት!"

ገመዱን ብሰካው ወይዘሮዋ ካቆመችበት፣ ከመሃል ትጀምራለች፤ አክስቴ ደግሞ ጨርሳለች። የሆቴሉ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀና እንድታየው ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አለ።

"ሰማን እትዬ" አላት፣ አፉን ሰፋ እያደረገ። "ሁላችንም ሰማን።"

እኔ ገመዱን ቀስ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።